«በቃኝ» ያለችው እንግዳ

ሥራዬን የሚጠይቀኝ ሰው «የሞባይል ጌም አሳትማለሁ» ስለው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «እሺ፣ ዋናው ሥራሽስ?» ይለኛል። እናቴ እንኳ ለጎረቤት የምትናገረው «ኮምፒውተር ቤት ነው የምትሠራው» ብላ ነው። አልፈርድባቸውም። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ፣ ከብረት በያጆች በላይ ባለች ፎቅ ላይ ተቀምጦ ለዓለም ሕዝብ ጨዋታ መላክ አንዳንዴ ለራሴም ቀልድ ይመስለኛል። እስቲ ዛሬ ቀልዱ ቁም ነገር የሆነባቸውን ጥቂት ቀናት ላጫውታችሁ።

ለምለም እባላለሁ። አባቴ ከደብረ ብርሃን በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የመቀሌ፣ የሰሜን ክፍለ ከተማ ልጅ ናት። ቤት ውስጥ በአማርኛ እየተቆጣሁ፣ ደጅ በትግርኛ እየተጣላሁ ነው ያደግኩት። ቁጡ መሆኔን ቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከቁጣዬ የሚብሰው ግን ኩራቴ ነው። ሰው ዝቅ አድርጎ ከሚያየኝ ጦሜን ባድር እመርጣለሁ። ታሪኩ በሆነበት ጊዜ የኩባንያችን ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ፤ ሥራ አስኪያጅ ማለት ደግሞ እኛ ዘንድ ከውጭ ኩባንያ ጋር መደራደርም፣ የተዘጋ ቧንቧ የሚከፍት ሰው መፈለግም ነው።

«ድግስ» የተባለውን ጨዋታችንን የሠራው ሃፍቶም ነው። መብራትም ኔትወርክም ባልነበረበት፣ ገበያውም ቤቱም ባዶ በሆነበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ላፕቶፑን በጎረቤት ሶላር እየሞላ ሠራው። ሰው ሁሉ ከምግብ ሌላ ማሰብ ባቃተው ሰዓት እሱ ትልቅ የሠርግ ዳስ ተክሎ እንግዳ የሚያበላ ጨዋታ አወጣ። ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈ ከተማውን አዳረሰው። እኔም ራሴ ባዶ ሆዴን ጋደም ብዬ በስልኬ ውስጥ ስንቱን እንግዳ አጥግቤ አድሬአለሁ። ይህን ስጽፍ ዛሬም እንባዬ ይመጣል።

ደጉ ቀን ሲመለስ ኩባንያ አቋቋምን፤ ጨዋታውም በአገሪቱ ሁሉ ተዳረሰ። አጨዋወቱ ቀላል ነው። እናንተ አስተናጋጅ ናችሁ። ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ የቀረበለትን ቀመስ ያደርግና «በቃኝ» ይላል። ጨዋታው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኛ አገር እንግዳ በቃኝ አለ ማለት ገና ጀመረ ማለት ነዋ! «በሞቴ» የምትል ቁልፍ አለች። እሷን ተጭናችሁ ትለምኑታላችሁ፤ እምቢ ይላል፤ ትደግማላችሁ፤ ያን ጊዜ ይበላል። በመጀመሪያው «በቃኝ» ከተዋችሁት እንግዳችሁ ተርቦ ይሄዳል፣ በማግሥቱ ሰፈሩ ያማችኋል፣ ተሸነፋችሁ። ካበዛችሁበት ደግሞ ተቀይሞ ይነሣል። የኛ ሰው ይህን ሁሉ ማንም ሳያስተምረው ነው የሚጫወተው።

አንድ የእስያ አከፋፋይ ኩባንያ ጨዋታውን ለዓለም ገበያ ሊያወጣልን ተስማማና በተወሰኑ አገሮች ለሙከራ ተለቀቀ። ውጤቱ አይነሣ። ተጫዋቾቹ ሦስተኛው እንግዳ ጋ ሳይደርሱ እየጣሉት ወጡ። «ይህ ጨዋታ ውሸታም ነው» ብሎ ጻፈ አንዱ። «እንግዳው በቃኝ አለኝ፣ ተውኩት፣ ከዚያ ተራበ ተብዬ ተሸነፍኩ!» ሃፍቶም ይህን ሲያነብ ራሱን ይዞ «እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ቤት ነው ያደጉት?» አለ። አከፋፋዩ ግን አልሳቀም። የመጨረሻውን አስተያየት የምታቀርብ ሠራተኛውን፣ ዴዊ የምትባል ኢንዶኔዥያዊት፣ ወደ መቀሌ ላካት።

እንግዲህ ኩራቴ ሥራውን የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ከመምጣቷ በፊት ሠራተኞቹን ሰበሰብኩ።

«ስሙኝ» አልኩ። «ይቺ ሴት የምትመጣው ኩባንያ መሆናችንን ልታይ ነው እንጂ ዘመድ ልትጠይቅ አይደለም። ሻይ ትጠጪያለሽ ብላችኋት አይ ካለች፣ አይ ነው። በዓለም ላይ ያለው ሥርዓት እንደዚያ ነው፤ የሙከራውን ሪፖርት አንብባችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ ትጠየቃለች። ‘በሞቴ፣ ብሞተይ’ የሚል ሰው ከዚህ ቢሮ በዚያው ይሰናበት።»

«ዋእ!» አለ ሃፍቶም። «ሰው ቤታችን መጥቶ?»

«ቢሮ ነው፣ ቤት አይደለም።»

«ጦሟን ብትውልስ?» አለች ርግበ። ርግበ የጨዋታውን ሰዎች ሁሉ የምትሥልልን ልጅ ናት፤ እጇ ላይ ሁልጊዜ እርሳስ አይጠፋም።

«ትልቅ ሰው ናት። ከራባት ትናገራለች።»

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል!

ዴዊ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ገባች። ቀጠን ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሻንጣዋ ከእሷ የሚበልጥ ሴት ናት። ሃፍቶም ከአየር ማረፊያ በመኪናው እየነዳን «ምሳ በልተሻል?» አላት በእንግሊዝኛ።

«ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ። አትቸገሩ።»

ሃፍቶም በመስተዋቱ አየኝ። ዐይኔን አፈጠጥኩበት። ዐይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ሆቴሏ ስናደርሳት ደግሞ እኔ ራሴ «እራት እንጋብዝሽ?» አልኳት። «አይ፣ ደክሟችኋል፣ አትቸገሩ» አለችኝ። «እሺ፣ ደህና እደሪ» ብዬ ሄድኩ። በልቤ ጎሽ ለምለም፣ የሠለጠነ ሰው እንደዚህ ነው እያልኩ ነበር የምሄደው። በማግሥቱ ደግሞ ሰዓት አክባሪ መሆናችንን ላሳያት ብዬ የሆቴሉ ቁርስ ሳይከፈት ሄጄ አመጣኋት።

ቢሮ ስንደርስ ርግበ ከቤቷ የተጋገረ ሕምባሻ ይዛ ጠበቀች። እኛ ረቡዕ ስለሆነ ጦመኞች ነን፤ ለእንግዳዋ ብላ ነው ያመጣችው። ዴዊ በፈገግታ «አመሰግናለሁ፣ ደህና ነኝ» አለች። ርግበ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ራሴን ነቀነቅኩ፣ ሕምባሻው ተመለሰ። ርግበ ሳህኑን ይዛ ስትወጣ የምትወደውን ሰው ቀብራ የምትመለስ ነበር የምትመስለው።

ከዚያ ስብሰባው ተጀመረ። ዴዊ የሙከራ ተጫዋቾችን ቪዲዮ አሳየችን። አንዲት ወጣት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ትጫወታለች። እንግዳው «በቃኝ» ይላል። እሷም ደስ ብሏት ወደ ሌላው ታልፋለች። ጥቂት ቆይቶ «እንግዳዎ ተርቦ ሄደ» የሚል ይመጣል። ልጅቱ አፏን ከፈተች፣ ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ተሸነፈች፣ በመጨረሻ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ሁሉም እንደዚህ ናቸው» አለች ዴዊ። «እንዲያውም ከዚህ የባሰም አለ። አንዳንዶቹ ጨዋታው አይ ያለን ሰው አለመስማት ያስተምራል ብለዋል። ይህንን ደግሞ አለቆቼ በቀላሉ አያልፉትም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቆ የሚተው ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ሃፍቶም፣ ድምፁ ከፍ ብሎ። «እንግዳን ማስራብ ነው'ኮ!»

ዴዊ ለአፍታ ቀና ብላ አየችውና መልሳ ወደ ላፕቶፗ አቀረቀረች። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም።

የፈለገችው ግልጽ ነበር። «በሞቴ» የምትለው ቁልፍ ትውጣ። እንግዳ በቃኝ ካለ ይብቃው። በምትኩ ሳህኑ ይብዛ፣ ፍጥነቱ ይጨምር። አለቆቿ ወደ ዓለም የሚወጡትን ጨዋታዎች የሚመርጡት ዓርብ ጠዋት ስለነበር እሷ አስተያየቷን ሐሙስ ማታ መላክ አለባት። ቁልፏ ካለች «አይሆንም» ብላ ትጽፋለች፤ ከወጣች «ይሁን» ትላለች። የኛ ኩባንያ ደግሞ በአገር ውስጥ ገበያ ብቻ ሌላ ዓመት የሚያደርሰው ስንቅ አልነበረውም። ነገሩ ወይ ድግስን ነፍሱን አውጥቼ ልልከው፣ ወይ ከነነፍሱ እዚሁ ልቅበረው ነበር።

ሃፍቶምን ወደ ደረጃው ወሰድኩት። ከታች የበያጆቹ ብልጭታ ይታያል።

«ቁልፏን እናወጣታለን» አልኩት።

«ቁልፏ ከወጣች ማብላት መሆኑ ቀረ'ኮ። ሳህን ማመላለስ ነው።»

«ሃፍቶም፣ እነዚህ ልጆች የት ይሂዱ? ልበትናቸው?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያልኩ ስንት ጊዜ የተጣላሁት ሰው፣ ያን ቀን አልተጣላኝም። «አንቺ ነሽ ኃላፊዋ፣ ሓፍተይ» አለኝ ብቻ። እህቴ ማለቱ ነው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከጎናችን ካለው ምግብ ቤት የጾም ጥሕሎ አዝዤ ነበር። ጥሕሎ የማታውቁ ካላችሁ፣ የገብስ ዱቄት በትንንሹ ተድቦልቡሎ በትልቅ ሳህን ዙሪያ ይደረደርና መሐሉ ላይ ቀይ ወጥ ይቀመጣል፤ በባላ እንጨት እየወጉ፣ ወጡ ውስጥ እየነከሩ ነው የሚበላው። ሁላችንም ከበብን። ዴዊ ከጠረጴዛው ጫፍ ላፕቶፗን ከፍታ ተቀምጣለች።

«ዴዊ፣ ነይ እንብላ» አልኳት።

«አመሰግናለሁ። እናንተ ብሉ፣ እኔ ደህና ነኝ።»

ማንም እጁን አልዘረጋም። እንግዳ እያየ መብላት ለኛ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ሁሉም እኔን ያያሉ። እኔም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆኖብኝ «ብሉ እንጂ!» አልኩ በትግርኛ። ሃፍቶም እያመነታ አንዷን ወጋ፣ ነከረ፣ ወደ አፉ ወሰደ።

ያኔ የዴዊን ዐይን አየሁት።

እጆቿ ላፕቶፑ ላይ ናቸው፤ ዐይኖቿ ግን ከሳህኑ ተነሥተው ወደ ወጡ፣ ከወጡ ወደ ሃፍቶም አፍ ሄዱ። ሃፍቶም ሲውጥ እሷም ዋጠች። ቶሎ ብላ አቀረቀረች። ርግበ ስትወጋ ደግሞ ዐይኖቿ መልሰው መጡና የርግበን እንጨት ተከተሉ። ክው አልኩ። ይቺ ሴት ከትናንት ጀምሮ ምን በልታለች? ማክሰኞ እራት አልበላችም። ዛሬ ቁርስ ሳይከፈት ጎትቼ አመጣኋት። ሕምባሻውን ከፊቷ አስነሣሁባት። የእናቴ ልጅ፣ እኔ፣ እንግዳ በረሃብ እየገደልኩ ሥልጣኔ ነው ብዬ ተቀምጫለሁ!

ከወንበሬ ተነሣሁ። አንዷን ጥሕሎ ወጋሁ፣ ጥሩ አድርጌ ነከርኩ፣ ጠረጴዛውን ዞሬ አፏ ድረስ ወሰድኩላት።

«ዴዊ፣ በሞቴ» አልኳት በአማርኛ። በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም፤ ሊባልም አይችል።

«አይ፣ አይ፣ በእውነት ደህና ነኝ» አለች። ዐይኗ ግን ጥሕሎዋ ላይ ነው።

«በሞቴ እኮ ነው ያልኩሽ!»

«እሺ... ትንሽ ብቻ» አለችና ጎረሰች።

ጎረሰች ብቻ አይደለም። ላፕቶፑን ዘጋች፣ ወንበሯን ሳበች፣ ባላዋን ያዘች። ቤቱ በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘራ። አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ አንዱ ወጥ ያስጨምራል፤ ርግበ ሕምባሻዋን እያስሮጠች አመጣች። ዴዊ ጥቂት ከበላች በኋላ እጇን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። እስክታለቅስ ሳቀች።

«ምነው?» አልኳት።

«እናቴ ስታሳድገኝ ‘ሰው ቤት ስትሄጂ ሁለቴ እምቢ በይ፣ በሦስተኛው ተቀበዪ’ ብላ ነው። ከትናንት ጀምሮ ሁለተኛውን ጥያቄ እየጠበቅኩ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቀው ዝም የሚሉ ሰዎች አይቼ አላውቅም! በሪፖርቴ ተቀይማችሁ መሰለኝ።»

ሳቁ ፎቁን አናወጠው። ሃፍቶም ጠረጴዛውን እየደበደበ «ትእዛዝ ነው! ትእዛዝ ነው!» እያለ ወደ እኔ ይጠቁማል። እኔም ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

ሃፍቶም ግን ሳቁን አቆመና «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «ሕጉን ታውቂዋለሽ ማለት ነው። ታዲያ ቁልፏን ስለምን ታስወጪብናለሽ?»

«እኔ ስጫወተው ተሸንፌ አላውቅም» አለች ዴዊ። «የእናቴ ቤት ነው የመሰለኝ። ግን ያቺ ሶፋ ላይ ያያችኋት ልጅ በምን ትወቅ? ከልቡ በቃኝ ያለና ለይሉኝታ በቃኝ ያለ እንግዳ በጨዋታችሁ ውስጥ አንድ ናቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ አሁን እንደራበኝ በምን አወቅሽ?»

መልሱ ስናገረው ነው ለራሴም የገባኝ።

«ዐይንሽን አይቼ» አልኳት።

ርግበ ስልኳን አውጥታ ድግስን ከፈተች፤ ዳሱ ውስጥ የተቀመጡትን ሰዎች አጉልታ አየቻቸው። እሷው በእጇ የሣለቻቸው ናቸው። ነጠላቸው፣ ጥምጥማቸው፣ የሴቶቹ ሹሩባ አንድ በአንድ ተለቅሞ ተሠርቷል። ዐይናቸው ግን የማይንቀሳቀስ ሁለት ጥቁር ነጥብ ነበር።

«እንግዶቻችን አያዩም» አለች ርግበ ቀስ ብላ። «ዐይን'ኮ አልሠራሁላቸውም።»

አያችሁ፣ ጥፋቱ የኛ የራሳችን ነበር። እንግዳ ይለመናል የሚለውን ስላወቅን፣ እንግዳውን ማየት አላስፈለገንም። በልማድ እንጫናለን፣ በልማድ እናሸንፋለን። ልማዱ የሌለው ሰው ግን የሚያየው ነገር ይፈልጋል፤ እኛም ምንም አላስቀመጥንለትም።

ዴዊን ለመፈተን አንድ ጥሕሎ ነክሬ ደግሜ አፏ ጋ ወሰድኩ። አሁን ጠግባለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፤ ጥሕሎዋን አላየችም፤ ፊት ለፊት እኔን አየችኝና «በቃኝ» አለች በፈገግታ።

«ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። «ይኸው፣ አያችሁት? የራበው ሳህኑን ያያል። የጠገበው እናንተን ነው የሚያየው!»

ርግበ ይህን ስል ናፕኪን ላይ መሣል ጀምራ ነበር።

ያን ከሰዓትና የሐሙስን ጠዋት እንዴት እንደሠራን አሁን ሳስበው ደስታ ደስታ ይለኛል። ርግበ እያንዳንዱን እንግዳ ዐይን ሠራችለት። አንዱ ሳህኑን በጎን ይሰርቃል፣ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በላይ በኩል ታያለች፣ ሽማግሌው አቀርቅረው በቅንድባቸው ሥር ይከተላሉ። ሃፍቶም ዐይኖቹን ከሳህኑ ጋር ያስራል፤ ዴዊ ጫማዋን አውልቃ አጠገቡ ተቀምጣ ትሞክራለች፣ «ይሄኛው በጣም ስስታም ሆነ፣ ቀንሱለት» ትላለች። «በሞቴ» ቁልፏ አልወጣችም። ከልባቸው የጠገቡ እንግዶችም ተጨመሩ፤ እነሱን የለመነ ይሸነፋል። አንድም የጽሑፍ መመሪያ አላስገባንም።

ቀሪው ነገር ዴዊ ያቺን ስልኳን የወረወረችውን ልጅና ሌሎቹን ተሸናፊዎች እንደገና ማስሞከሯ ነበር። አዲሱን ሥሪት ለመላክ ሃፍቶም ቁልፉን ሲጫን ከታች የብየዳው ድምፅ ቀጥ አለ። መብራት ሄደ! ኢንተርኔታችንም አብሮ ጠፋ፤ በስልክ ዳታ ሞከርን፣ ቢጎትቱት አይንቀሳቀስም። ዴዊ ሰዓቷን አየች። በነሱ አገር እየመሸ ነው፤ ሞካሪዎቹ ሳይተኙ ካልደረሰላቸው አስተያየቷን የምትጽፈው በድሮው ቪዲዮ ነው።

«ዓዲ ሓቂ እንሂድ!» አለ ሃፍቶም። «ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ካፌ ጄኔሬተር አለው።»

መኪናዋ ውስጥ ታጭቀን በረርን። ካፌው ጄኔሬተርም ኢንተርኔትም ነበረው፤ ግን የመቀሌ ተማሪ ሁሉ እዚያ የተሰበሰበ ይመስል ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉም የሚሮጠው ወደዚያው ነዋ። አንዱ ፊልም ያወርዳል፣ አንዱ ትምህርቱን ይከታተላል። የኛ ፋይል ጀመረና ቆመ። ጀመረና ቆመ። ያኔ ሃፍቶም፣ ሰው ፊት መናገር የማይወደው ሃፍቶም፣ ወንበር ላይ ወጣ።

«ኣሕዋት!» አለ ጮክ ብሎ። «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ድግስን የተጫወታችሁ አላችሁ?»

ካፌው ሳቀ። «ማን ያልተጫወተ አለ?» አለች አንዲት ልጅ። «በዚያ ጊዜ እራታችን'ኮ እሱ ነበር።»

«እኔ ነኝ የሠራሁት። ወደ ውጭ አገር ልንልከው ነው፤ ኢንተርኔቱ አንሶን ቆመናል። ጥቂት ብትለቁልን፣ ብሞተይ!»

ልጅቱ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። አጠገቧ ያለውም ደፋ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ የጥጉ ጠረጴዛ፣ ላፕቶፖቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ካሸሩ ሳይቀር ስልኩን መሳቢያ ውስጥ ከተተ። ካፌው ሙሉ ሰው እጁን አጣጥፎ የኛን ፋይል መሄድ የሚያሳየውን መስመር ሲሞላ ያያል። ዴዊ ምን እንደተባለ ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስመሩ ሞላ፤ ሄደ!

ከዚያ መጠበቅ ነው። ማንም ከካፌው አልወጣም። ሻይ ቀዘቀዘ። ቪዲዮ መጥቶ የዴዊ ስልክ ሲጮህ ተማሪዎቹ ከኋላችን ወንበር ላይ ቆመው አዩ። ያቺው ልጅ ናት፣ ያው ሶፋ። እንግዳው «በቃኝ» አለ። ልጅቱ ልታልፈው እጇን አነሣች። ቆመች። ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። የእንግዳው ዐይን ሳህኑን ሲከተል አየች። በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች።

«ምን አለችው?» አልኩ።

«‘ውሸትህን ነው!’ አለችው» አለች ዴዊ።

ልጅቱ ሳቀችና «በሞቴ»ን ተጫነች። እንግዳው እምቢ አለ። ደግማ ተጫነች። በላ! ካፌው በጩኸት ተናወጠ፤ የማላውቀው ልጅ አቀፈኝ። ቀጥሎ የጠገቡት ሽማግሌ መጡ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት አዩአት። ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ አየቻቸው፤ ከዚያ ሳህኑን አንሥታ፣ ለሥዕል እኮ ነው፣ በአክብሮት ራሷን ዝቅ አደረገችላቸው። ሃፍቶም አለቀሰ። እኔ ቁጡዋም አለቀስኩ። ሌሎቹም ቪዲዮዎች እየተከታተሉ መጡ፤ ጥለው የወጡት ሁሉ ተመልሰው እያበሉ ነበር።

ዴዊ አስተያየቷን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈች። ከመላኳ በፊት አንዱን ዓረፍተ ነገር ብቻ አነበበችልን፤ «ሕጉ እንዳለ ይቆይ፤ የተሳሳትነው እኛም እነሱም ነን» ይላል። ዓርብ ጠዋት የዴዊ ስልክ ቢሮው ውስጥ ጮኸ። አለቆቿ ተስማምተው ነበር። ድግስ በሄደባቸው አገሮች ሁሉ እንዳለ፣ ከነነፍሱ ይወጣል። እልልታው ሲቀልጥ ከታች ያሉት በያጆች መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ሮጠው ወጡና አንደኛው «ማን አገባ?» አለን።

ከዚያ ወዲህ ድግስ ስማቸውን እንኳ በቅጡ መጥራት የማልችላቸው ከተሞች ገብቷል። ሌሎች ጨዋታዎችንም አስከትለን አውጥተናል፤ ፎቁ ጠቦን ተጨማሪ ተከራይተናል። ወደ አዲስ አገር ስንገባ የውጭ ሰው ምን ይወዳል ብዬ አልጨነቅም፤ የኛን ነገር ቆርጬም አልሰጥ፣ ‘ካልገባችሁ ተዉት’ ብዬም አልኮራ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ምኑን አይቶ ይረዳዋል? እመኑኝ፣ ሁልጊዜ የሚታይ ነገር አለ።

አንባቢዎቼ፣ ለእናንተም የምለው ይኸው ነው። አንዳንዱ «ሰው አይ ካለ አይ ነው» ይላችኋል፤ አንዳንዱ «ለምኑት፣ ይሉኝታ ይዞት ነው» ይላችኋል። እኔ ሁለቱንም ይዤ ተሳስቻለሁ። ሕግ ይዞ ሰውን ሳያዩ ማስተናገድ የለም። ቀና ብላችሁ እዩት።

ጨዋታው በዓለም ዙሪያ ከተለቀቀ በኋላ ተጫዋቾች የሚጽፉልንን ርግበ ትተረጉምና ጮክ ብላ ታነብልናለች። አንድ ቀን ከየት አገር እንደሆነ እንኳ ያልጻፈ ሰው የላከውን ማንበብ ጀምራ መሐል ላይ አቁማ ስልኩን ዘረጋችልኝ። ተቀብዬ እኔ ጨረስኩት። እንዲህ ይላል፤ «አባቴ ብቻውን ነው የሚኖረው። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ‘ደህና ነኝ፣ ምንም አልፈልግም፣ ሂድ ወደ ሥራህ’ ይለኛል፤ እኔም እሄዳለሁ። ትናንት በሩ ላይ ቆሜ ዐይኑን አየሁት። ጫማዬን መልሼ አወለቅኩ።»